ለልጆች የሙዚቃ ክፍል ግሎከንሽፒል ሲገዛ ምን ይታያል?

ለትምህርት ቤት ወይም ለጀማሪ ልጅ የሙዚቃ መሣሪያ ልግዛ ብሎ የወጣ ሰው ዓይኑ ቶሎ የሚያርፈው ባለ ብዙ ቀለሟ ላይ ነው። ስምንት የብረት ቁራጮች በእንጨት መደብ ላይ ከረጅሙ እስከ አጭሩ ተደርድረዋል። አንዱ ቀይ፣ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ አረንጓዴ ነው። ሁለት መምቻዎች አብረው አሉ። ዋጋዋ አይከብድም፣ ልጅም ገና ሲያያት ይወዳታል። ሻጩ «ዛይሎፎን» ብሎ ያቀርብላችኋል።

በነገራችን ላይ ዛይሎፎን የእንጨቱ ነው። እንጨት ሲመታ ድምፁ ደረቅና አጭር ነው። ብረት የተደረደረበት ግሎከንሽፒል ነው፤ ድምፁ መረዋ ነው፣ ከተመታም በኋላ ለአፍታ ይቆያል። ለጀማሪ ልጅ ሁለቱም ጥሩ ናቸው። ግሎከንሽፒል ግን ትንሽ ነው፣ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፣ ዋጋውም ከጥሩ ዛይሎፎን ያነሰ ነው። ስለዚህ ወላጅም ትምህርት ቤትም በብዛት የሚገዛው እሱን ነው።

ልጆችን ሙዚቃ ስለማስተምር «የቱን እንግዛ?» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰኛል። መልሴ አይለወጥም። ክሮማቲክ የሆነውን ግዙ። ባላችሁ ገንዘብ አሥር ባለ ቀለም ከምትገዙ ሦስት ክሮማቲክ ብትገዙ ይሻላል። ይህን የምለው ውድ ዕቃ ሁሌም ጥሩ ነው ብዬ አይደለም። ስምንቱ ብረት የኛን ዜማ ስለማይችሉት ነው።

ክሮማቲክ ሲባል

ዶ ሬ ሚ ፋ ሶል ላ ሲ ዶ። ይህን ብዙዎቻችን ከልጅነት ጀምሮ እናውቀዋለን። ባለ ስምንት ብረቷ የያዘችው እነዚህን ብቻ ነው። ነገር ግን በዶና በሬ መሀል ሌላ ድምፅ አለ። በሬና በሚ መሀልም አለ። በሚና በፋ መሀል ግን የለም፤ በሲና በላይኛው ዶ መሀልም የለም።

ኪቦርድ ያየ ሰው እነዚህን የመሀል ድምፆች ያውቃቸዋል። ጥቁሮቹ ናቸው፤ ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት እየሆኑ የተቀመጡት። ሰባቱ ነጮችና አምስቱ ጥቁሮች ሲደመሩ 12 ይሆናሉ። ከአንዱ ወደሚቀጥለው ያለው ርቀት ግማሽ ድምፅ ይባላል። 12ቱንም የያዘ መሣሪያ ክሮማቲክ ነው። ሰባቱን ነጮች ብቻ የያዘው ዲያቶኒክ ይባላል። ጥቁሩ ከታችኛው ነጭ አንጻር ሲጠራ ሻርፕ፣ ከላይኛው አንጻር ሲጠራ ፍላት ነው። ስለዚህ ዶ ሻርፕና ሬ ፍላት ያው አንድ ብረት ናቸው።

በመሣሪያው ላይ ክሮማቲክነትን ማወቅ ቀላል ነው። ብረቶቹ በሁለት ረድፍ ከተቀመጡና የላይኛው ረድፍ ላይ ክፍተት እየተተወ ሁለትና ሦስት ብረት ካለ፣ ክሮማቲክ ነው። አንድ ረድፍ ብቻ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አይደለም።

ቅኝቶቻችንን በስምንት ብረት

«ልጆቹ ጀማሪ ናቸው፣ ጥቁሮቹ ምን ያደርጉላቸዋል?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። እስቲ አራቱን ቅኝቶች አንድ በአንድ እንያቸው። መነሻችንን ዶ እናድርግ።

ትዝታ ሜጀር ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ነው። አምስቱም ባለ ስምንት ብረቷ ላይ አሉ። ባቲ ሜጀር ዶ ሚ ፋ ሶል ሲ ነው። እሱም አለ። እስከዚህ ድረስ ባለ ቀለሟ አታሳፍርም።

ትዝታ ማይነር ላይ ስንደርስ ግን ሚ ወደ ሚ ፍላት፣ ላ ወደ ላ ፍላት ይወርዳሉ። ብረቶቹ የሉም። ባቲ ማይነር ሚ ፍላትና ሲ ፍላት ይፈልጋል። አምባሰል ሬ ፍላትና ላ ፍላት ይፈልጋል፤ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው የሚሄደው። እነዚህም የሉም።

ብልህ አስተማሪ እዚህ ጋ አንድ ዘዴ አለው። መነሻውን ይቀይራል። ትዝታ ማይነርን ከላ ቢጀምሩት ላ ሲ ዶ ሚ ፋ ይሆናል፤ አንድም ጥቁር የለውም። ባቲ ማይነርም ከላ ሲጀመር ላ ዶ ሬ ሚ ሶል ነው። አምባሰል ከሚ ሲጀመር ሚ ፋ ላ ሲ ዶ ይሆናል። ሁሉም ነጭ ናቸው። ዘዴው ትክክል ነው፣ እኔም እጠቀምበታለሁ። ችግሩ ያለው ባለ ስምንት ብረቷ ከዶ ተነስታ ዶ ላይ ማለቋ ነው። ከላ ተነስታችሁ ወደ ላይ ስትወጡ ላ፣ ሲ፣ ዶ ብላችሁ ብረቱ ያልቃል። ቀሪዎቹ ሚና ፋ ያሉት ወደ ታች ነው። ዜማው ወደ ላይ መሄድ ሲፈልግ ልጁ ወደ ታች ዘሎ ይመታል። ጆሮው የሰማውና እጁ የሠራው አይገናኙም። ለጀማሪ ከዚህ የበለጠ ግራ የሚያጋባ ነገር የለም።

አንቺሆዬ ላይ ዘዴውም አይሠራም። አንቺሆዬ ከዶ ሲጀመር ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ነው። በግማሽ ድምፅ ስንቆጥረው በአንድ፣ በአራት፣ በአንድ፣ በሦስት፣ በሦስት ርቀት ይሄዳል። ከሲ እንጀምረው ብትሉ ሲ ዶ ሚ ፋ ድረስ ያምራል፤ አምስተኛው ድምፅ ግን በሶልና በላ መሀል ላይ ይወድቃል። ከሚ እንጀምረው ብትሉ ሚ ፋ ላ ካለ በኋላ ሲ ፍላትን፣ ቀጥሎም ዶ ሻርፕን ይጠይቃል። ከየትኛውም ነጭ ብረት ብትነሱ ቢያንስ አንድ ጥቁር ሳትነኩ አንቺሆዬን አትጨርሱትም። ይህ የአስተማሪ ችሎታ ጉዳይ አይደለም። ብረቱ መሣሪያው ላይ የለም።

አንድ ነገር ግን መደበቅ የለበትም። ግሎከንሽፒል ኦክታቩን፣ ማለትም ከአንዱ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለውን ርቀት፣ 12 እኩል ቦታ ከፍሎ ነው የሚሠራው፣ ልክ እንደ ፒያኖ። ማሲንቆ የሚመታ ሰው ጣቱን የሚያሳርፍበት ቦታ ከዚያ ትንሽ ይለያል። ድምፃዊም እንዲሁ። የቅኝት ለዛ ያለው እዚያ ትንሽ ልዩነት ውስጥ ነው። ስለዚህ ግሎከንሽፒል አምባሰልን አምባሰል የሚያደርገውን ሁሉ አያስተምርም። የሚሰጠው ድምፆቹ የት የት እንዳሉ በዓይን ማሳየት ነው። ልጁ በትዝታ ሜጀርና በትዝታ ማይነር መሀል የተቀየሩት ሁለት ብረቶች ብቻ መሆናቸውን በእጁ ነክቶ ያያል። ይህን ማሲንቆ ላይ ለማሳየት በጣም ይከብዳል።

የልጆቹ ጉሮሮ

ልጆች መሣሪያውን እየመቱ ይዘምራሉ፤ መዝመርም አለባቸው። ትንንሽ ልጆች ተመችቷቸው የሚዘምሩት በግምት ከመካከለኛው ዶ በላይ ካለው ሬ ጀምሮ እስከ ቀጣዩ ሬ ባለው ቦታ ነው። የኛ መዝሙሮች ደግሞ ብዙ ጊዜ ከመነሻቸው በታች ይወርዳሉ። መነሻው ዶ ሆኖ ዜማው ወደ ታችኛው ላና ሶል ሲወርድ የልጆቹ ድምፅ ይጠፋል። የሚሰማው ማጉረምረም ይሆናል። መፍትሔው መዝሙሩን ትንሽ ከፍ አድርጎ መጀመር ነው።

ከዶ ወደ ሬ ከፍ እናድርገው ካልን በጣም ቀላሉ ትዝታ ሜጀር ሬ ሚ ፋ ሻርፕ ላ ሲ ይሆናል። ፋ ሻርፕ መጣ ማለት ነው። ክሮማቲክ መሣሪያ ካላችሁ መዝሙሩን ለልጆቹ ታስተካክላላችሁ። ከሌላችሁ ልጆቹ ለመሣሪያው ይስተካከላሉ። ሁለተኛው ትክክል አይመስለኝም።

ስንት ብረት?

ገበያ ላይ ባለ 8፣ ባለ 13፣ ባለ 25፣ ባለ 27፣ ባለ 30 እና ባለ 32 ታገኛላችሁ። ባለ 13ቱ ከዶ እስከ ዶ አንድ ሙሉ ኦክታቭ ነው፣ ጥቁሮቹን ጨምሮ። ባለ 25ቱ በብዛት ከሶል እስከ ሶል ሁለት ኦክታቭ ነው። ባለ 30ው ከሶል እስከ ዶ ሁለት ኦክታቭ ተኩል ሲሆን፣ ባለ 32ቱ ከፋ ይጀምርና እዚያው ዶ ላይ ያልቃል።

ለክፍል የምመርጠው ባለ 25ቱን ነው። ሁለት ኦክታቭ ካላችሁ ከ12ቱ ድምፆች የትኛውንም መነሻ ብታደርጉ አንድ ሙሉ ኦክታቭ ወደ ላይ መውጣት ትችላላችሁ። ባለ 13ቱ ላይ ይህ የሚሆነው መነሻው ዶ ሲሆን ብቻ ነው። ባለ 30ና ባለ 32 ጥሩ ናቸው፤ ግን ይከብዳሉ፣ ይሰፋሉም። የትንሽ ልጅ ጠረጴዛ ላይ አይመቹም።

ብረቱ ለምን ይዘምራል? አንዱስ ለምን ይደነቁራል?

በጣና ገዳማት በገመድ ተንጠልጥሎ የሚደወለውን የድንጋይ ደወል ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ያ ድንጋይ ተንጠልጥሎ ሲመታ ያስተጋባል። መሬት ላይ ተጋድሞ ቢመታ ግን ድንጋይ ብቻ ነው። የግሎከንሽፒል ብረትም እንዲሁ በነፃነት መንቀጥቀጥ አለበት።

ብረቱ ሲመታ መሀሉና ሁለቱ ጫፎቹ ይወዛወዛሉ። በመካከላቸው ግን የማይንቀሳቀሱ ሁለት ቦታዎች አሉ። ወርዱና ውፍረቱ ወጥ በሆነ ብረት ላይ እነዚህ ቦታዎች ከየጫፉ የርዝመቱ 22.4 በመቶ ላይ ናቸው። 20 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ባለው ብረት ላይ ከየጫፉ 4.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ብረቱ መደገፍ ያለበት እዚያና እዚያ ብቻ ነው። ሌላ ቦታ ከተደገፈ ድጋፉ ድምፁን ይውጠዋል።

ሱቅ ስትገቡ መጀመሪያ ይህን እዩ። ብረቶቹን የያዙት ሁለት መስመሮች ረጅሙ ብረት ጋ ሰፋ ብለው፣ አጭሩ ጋ እየጠበቡ መምጣት አለባቸው። ሁለቱ መስመሮች እኩል ተራርቀው ቀጥ ብለው ከሄዱ፣ የተወሰኑት ብረቶች በትክክለኛ ቦታቸው አልተደገፉም። ቀጥሎ ብረቱን በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ነቅንቁት። ትንሽ መላወስ አለበት። በምስማር ጥርቅም ተደርጎ ከተመታ ደንቁሯል። ከሥሩ ፌልት (ወፍራም የሱፍ ጨርቅ) ወይም ለስላሳ ክር መኖር አለበት። በጣም ከላላ ደግሞ ሲመታ ይንቀጫቀጫል፤ እሱም አይሆንም።

ብረቱ ከተነሳ ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩ። ውፍረቱ አንድ ዓይነት ከሆነ ድምፁን የሚወስነው ርዝመቱ ነው። ርዝመቱ በግማሽ ሲቀንስ ድምፁ ሁለት ኦክታቭ ወደ ላይ ይወጣል። በርዝመት ብቻ ግን በትክክል መጨረስ ያስቸግራል። ስለዚህ ባለሙያ ሠሪ ብረቱን ቆርጦ ሲያበቃ ይሞርደዋል። ከጀርባ መሀሉ ሲሞረድ ድምፁ ይወርዳል፣ ጫፉ ሲሞረድ ይወጣል። ጀርባው ላይ የሞረድ ምልክት ካያችሁ አንድ ሰው ወይም ማሽን ድምፁን አስተካክሎታል ማለት ነው። ጥሩ ምልክት ነው።

ቀለምን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። ወፍራም ቀለም የተቀባ ብረት ድምፁ ይታፈናል። ቀለም ለትንንሾቹ ይጠቅማል፤ ግን ስስ ይሁን፣ ወይም እናንተው ትንሽ ተለጣፊ ወረቀት ለጥፉበት። የምትለጥፉት ብረቱ በሚደገፍበት ቦታ በኩል ይሁን። መሀሉ ላይ አትለጥፉ።

ከብረት ብረት ይለያል። አብዛኞቹ ጥሩ ግሎከንሽፒሎች ስቲል ናቸው። አሉሚኒየም ቀላል ነው፣ ርካሽ በሆኑት ላይ በብዛት አለ፣ ድምፁም ለስለስ ይላል። ስስ አሉሚኒየም ግን በጠንካራ መምቻ ቶሎ ይጎዳል። ለክፍል ስቲሉን እመርጣለሁ።

በትክክል ተቃኝቷል?

ይህ ከሁሉም በላይ ነው። ክራር ከተበላሸ ጅማቱን አጥብቃችሁ ታስተካክሉታላችሁ። ግሎከንሽፒል እንደተገዛ ይኖራል። ክፍል ውስጥ ክራር ካለ የሚቃኘው ክራሩ ነው፣ ለግሎከንሽፒሉ። ስለዚህ ግሎከንሽፒሉ ከተሳሳተ ሁሉም ይሳሳታል። የልጆቹም ጆሮ ያንን ስህተት ልክ ነው ብሎ ይለምዳል። እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

ስልካችሁ ላይ ድምፅ በትክክል መቃኘቱን የሚለካ የቲዩነር አፕ ጫኑ። እያንዳንዱን ብረት አንድ በአንድ ምቱና አንብቡ። ግማሽ ድምፅ ለ100 ተከፍሎ እያንዳንዱ ሴንት ይባላል። ብረቶቹ ሁሉ ከአምስት ሴንት በላይ ካልሳቱ በጣም ጥሩ ነው። አንዱ 20 ሴንት ከፍ ብሎ ሌላው 20 ዝቅ ካለ ተዉት። አፑ አንዳንዴ ኦክታቩን ቢሳሳት አትደንግጡ፤ የግሎከንሽፒል ድምፅ በጣም ከፍ ያለ ስለሆነ ያጋጥማል።

ሁሉም ብረቶች በአንድነት ስምንት ሴንት ገደማ ከፍ ብለው ከታዩ ግን ስህተት ላይሆን ይችላል። ብዙ ኪቦርዶች ላን በ440 ሄርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 440 ጊዜ እንዲንቀጠቀጥ አድርገው ይቃኛሉ። አንዳንድ የግሎከንሽፒል ሠሪዎች ግን በ442 ይሠራሉ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ አንድ ላይ ሲመቱ ግን ይሰማል። ባለ 25ቱ ላይ ያለው የመጀመሪያው ላ አንድ ኦክታቭ ከፍ ስለሚል፣ ኪቦርዱ 880 ሲል ግሎከንሽፒሉ 884 ይላል። ሁለቱ ሲገናኙ በሰከንድ አራት ጊዜ ከፍ ዝቅ የሚል መርገብገብ ይሰማል። ኪቦርድ ካላችሁ ማስተካከያው ውስጥ ገብታችሁ 442 ማድረግ ይቻላል፤ አብዛኞቹ ይፈቅዳሉ። ክፍሉ የሚጠቀመው የማይስተካከል መሣሪያ ከሆነ ግን በ440 የተሠራውን ፈልጉ። ብዙ ግሎከንሽፒል በየጊዜው የምትገዙ ከሆነ ሁሉም አንድ ዓይነት መሆናቸውን ጠይቁ።

መምቻው

ሰው ለብረቱ ተጨንቆ መምቻውን ይረሳዋል። አብሮ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ጫፉ ጠንካራ ፕላስቲክ ወይም እንጨት ነው። ድምፁ ሹል ይሆንና የመምቻው ቀጭታ ከዜማው በላይ ይሰማል። መለስተኛ ጥንካሬ ያለው የጎማ ጫፍ ለክፍል የተሻለ ነው። በጣም ለስላሳ ከሆነ ደግሞ አጭሮቹ ብረቶች አይናገሩም። የነሐስ ጫፍ ያለው የኦርኬስትራ ነው፤ ለልጆች አታምጡት።

አመታቱን ከመጀመሪያው ቀን አስተምሩ። መምቻውን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቀለል አድርጎ መያዝ፣ የብረቱን መሀል መምታት፣ ወዲያው መነሳት። መምቻው ብረቱ ላይ ከተጫነ ድምፁ ይሞታል። ልጅ መጀመሪያ ሚስማር እንደሚመታ ሰው ነው የሚመታው። «ብረቱ ያቃጥላል፣ ነክተህ ተነሳ» ስትሉት ይገባዋል።

ድምፁ የሚቆይ መሆኑም የራሱ ጣጣ አለው። ፈጣን ዜማ ላይ ያለፈው ድምፅ ሳያልቅ ቀጣዩ ይመጣና ይደባለቃል። ሙላቱ አስታጥቄ የሚጫወተው ቫይብራፎን የዚሁ ቤተሰብ ትልቅ ዘመድ ነው፤ እሱ ግን ድምፁን በእግር የሚያቆም ፔዳል አለው። ትንሹ ግሎከንሽፒል ፔዳል የለውም። በጣት ጫፍ ነክቶ ማቆም ይለመዳል። ለጀማሪ ግን ዘገም ያለ ዜማ መምረጥ ይቀላል።

ጫጫታና ብዛት

ባለ 25ቱ ከ784 ሄርዝ እስከ 3,136 ሄርዝ ይደርሳል። የሰው ጆሮ በጣም የሚነቃው ከ2,000 እስከ 5,000 ባለው ቦታ ነው። የላይኛው ክፍሉ በትክክል እዚያ ያርፋል። ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ክፍል ውስጥ 30 ልጆች 30 ግሎከንሽፒል ቢመቱ አስተማሪውም ልጆቹም ይታመማሉ።

ስለዚህ ለሁሉም ልጅ አንድ አንድ መግዛት አያስፈልግም። አምስት ወይም ስድስት ይበቃሉ። ግማሹ ክፍል ይዘምር፣ ሌላው ያጨብጭብ ወይም ከበሮ ይምታ፣ የተወሰኑት ግሎከንሽፒል ይያዙ፣ ከዚያ ይቀያየሩ። ተራ የሚጠብቁት ደግሞ የብረቶቹን ሥዕል በትክክለኛ ልካቸው ወረቀት ላይ ሠርታችሁ ስጧቸውና እየዘመሩ በጣታቸው ይከተሉ። ወረቀት ላይ የለመደ ልጅ ብረቱ ጋ ሲደርስ አይደናበርም።

የሚነሱ ብረቶች

ብረቶቹ አንድ በአንድ የሚነሱበት ዓይነት አለ። ሐሳቡ የመጣው ከጀርመን ነው። የሙዚቃ ደራሲው ካርል ኦርፍና ዶሮቴ ጉንተር በ1924 እ.ኤ.አ. ሙኒክ ውስጥ የሙዚቃና የእንቅስቃሴ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ጉኒልድ ኬትማን የተባለች ባልደረባቸው ትልቅ ድርሻ አላት። ካርል ሜንድለር የሚባል መሣሪያ ሠሪ መጫወቻዎቹን ሠራላቸው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1949 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ስቱዲዮ 49 የተባለ ኩባንያ እስካሁን ይሠራቸዋል፤ ሶኖር የተባለው ኩባንያም ይሠራል።

ዘዴው ግሩም ነው። የማትፈልጉትን ብረት ታነሳላችሁ፣ የቀረው ሁሉ ልክ ይሆናል። ለባለ አምስት ድምፅ ዜማ የተፈጠረ ነው የሚመስለው። ፋንና ሲን አንሱ፤ የቀረው ትዝታ ሜጀር ነው። ልጁ የፈለገውን ቢመታ ከትዝታ አይወጣም። በራሱ ዜማ መፍጠር የሚጀምረውም ያኔ ነው።

እዚህ ጋ ግን ብዙ ገዢ የሚሳሳትበት ነገር አለ። የተለመደው የኦርፍ ግሎከንሽፒል ከዶ እስከ ላ 13 ብረቶች አሉት፤ ከእነሱ ጋር ሁለት ፋ ሻርፕና አንድ ሲ ፍላት ይሰጣል። 16 ብረት ሲባል ክሮማቲክ ይመስላል፤ አይደለም። ፋ ሻርፕ የሚገባው ፋ ተነስቶ በቦታው ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን አይቀመጡም። አንቺሆዬን ከፋ ብትጀምሩት ፋ፣ ፋ ሻርፕ፣ ሲ ፍላት፣ ሲ፣ ሬ ይሆናል። ብረቶቹ አምስቱም ሳጥኑ ውስጥ አሉ፣ ግን አብረው መቀመጥ አይችሉም። ጥቁሮቹን የያዘ ተጨማሪ ሳጥን ለብቻው ይሸጣል። ሻጩን «ከነክሮማቲክ ተጨማሪው ነው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ባለ 25ቱ ብረቶቹ በብሎን ስለሚያዙ አይነሱም። እሱ ላይ የሚፈለጉት አምስት ብረቶች ላይ ብቻ ተለጣፊ ማድረግ ይቻላል። ቅኝት ሲቀየር ተለጣፊውም ይቀየራል።

የጀርመን መሣሪያ ከመጣላችሁ የተቀረጹትን ፊደላት አስተውሉ። በብዙ ሀገር ሲ ላይ የሚጻፈው «ቢ» ነው። ጀርመኖች ግን ሲን «ኤች» ብለው ይጽፋሉ፤ «ቢ» ለእነሱ ሲ ፍላት ነው። ይህን ያላወቀ አስተማሪ ዜማው ለምን እንደተበላሸ ሳይገባው ይውላል።

ውጭ ሀገር ላላችሁ

አሜሪካ ያላችሁ ወላጆች፣ ልጃችሁ ትምህርት ቤት ባንድ ገብቶ ከበሮ መርጦ ከሆነ ምናልባት ቤት ይዞት የሚመጣው ግሎከንሽፒል ነው። ከመለማመጃ ፓድ ጋር በአንድ ቦርሳ የሚሰጠው ባለ 32 ብረቱ በጣም የተለመደ ነው፤ በወር ኪራይም ይገኛል። እሱ ሙሉ ክሮማቲክ ነው። ቤት ውስጥ ትዝታና ባቲ ለማስተማር ሌላ መግዛት አያስፈልጋችሁም። የቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት ቤት ያላችሁም ሌላ ከመግዛታችሁ በፊት የልጆቹ ቤት ውስጥ ምን እንዳለ ጠይቁ።

በኢንተርኔት ስትገዙ መምታት ስለማትችሉ ሦስት ነገር ጠይቁ። ዝቅተኛውና ከፍተኛው ድምፅ የትኛው ነው? ላ በስንት ሄርዝ ነው የተቃኘው? ካልተስማማኝ እመልሳለሁ ወይ? ሻጩ የመጀመሪያዎቹን ሁለት መመለስ ካልቻለ ሌላ ሻጭ ፈልጉ። ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ብረት መጉደሉን ቁጠሩ፤ አንድ ብረት ብቻ ማግኘት ሙሉ መሣሪያ ከመግዛት የሚከብድበት ጊዜ አለ። ከበጀታችሁም ለተጨማሪ መምቻ ትንሽ አስቀሩ። መምቻ በጣም ይጠፋል፤ ለእያንዳንዱ መሣሪያ ቢያንስ ሁለት ጥንድ ይኑር።